በመቅሠፍት ዘመን የድኻው እንጀራ የማን ዕዳ ነው?



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. ኮቪድ 19 የተባለው በሽታ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረበት ጊዜ ጀምሮ፥ በሬዲዮ ቢሆን በስልክ፥ በአደባባይ ቢሆን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቃል አንድ ነበረ፤ ይኸውም «በቤታችሁ ተቀመጡ» የሚል ነው። ምክሩ እውነተኛ ነበረ። በሽታው በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ ክትባቱም ገና ስላልተገኘ፥ ሰው ከሰው ከመራቅ የሚሻል መከላከያ በዚያ ጊዜ አልነበረም። እኛም ይህንኑ ቃል ተቀብለን ለምእመናን ስናሰማ ሰነበትን፤ ጉባኤያችንንም በትነን በሮቻችንን ዘጋን።

ነገር ግን ቃሉ በሁሉ ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ አልነበረውም። ደመወዙ በወር መጨረሻ በባንክ የሚገባለት ሰው «በቤታችሁ ተቀመጡ» ሲባል የሰማው ዕረፍትን ነው። በመንገድ ዳር ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት፥ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፥ በመርካቶ ጭነት የሚሸከም ጎልማሳ፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ መበለት ግን በዚያው ቃል ውስጥ «ዛሬ ማታ አትበሉም» የሚለውን ሰሙ። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2፥ የሚለብሰውንና የዕለት ምግቡን ያጣውን ወንድም መርቆ ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ይወቅሳል። ያ ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ምርቃቱም በራሱ ነውር የለበትም። የጐደለው ከቃሉ ጋር አብሮ ወደ ድኻው ቤት መሄድ የነበረበት ነገር ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ መንግሥት ስለ ሁሉ ደኅንነት ሲል የአንዱን እጅ ከሥራ ቢከለክል፥ የዚያ እጅ እንጀራ የማን ዕዳ ይሆናል? ለድኻውስ የሚሰጠው ነገር ምጽዋት ነውን ወይስ የሚገባው ዋጋ ነው?

አንዳንድ ሰዎች፥ ከእነርሱም ውስጥ ቅን ክርስቲያኖች ይገኛሉ፥ በቅዱስ ጳውሎስ ቃል ይመልሱልናል። ሐዋርያው ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክት በምዕራፍ 3 ሊሠራ የማይወድ ሰው እንዳይበላ አዝዞአልና፥ መንግሥት ለማይሠራ ሰው ገንዘብ ቢያድል ሕዝቡን ስንፍና ያስተምረዋል ይላሉ። ስንፍና ኀጢአት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሐዋርያው የተናገረው ሊሠራ ስለማይወድ ሰው ነው፤ ሊሠራ ወጥቶ ስለተመለሰ ሰው አልተናገረም። ተሸካሚው ገመዱን በትከሻው አድርጎ በማለዳ መጥቶ ነበር። እንዲመለስ የተነገረው ለምንድር ነው? ትንፋሹ የእኛን አረጋውያን እንዳይገድል ነው። እንግዲህ በቤቱ መቀመጡ ራሱ ለእኛ የተሠራ ሥራ ሆኖአል፤ ከሌላው ቀን ሸክሙም የሚከብድ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያለቅሱ ልጆች አሉ። ያሠራነው እኛ ከሆንን፥ ዋጋውን ምጽዋት ብለን ልንጠራው አንችልም።

ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ እንዳይመስል እንጠንቀቅ። ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ይሰጣል፤ ተቀባዩም በደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዛሬ ቢያገኝ ነገ ማግኘቱን አያውቅም። ዕዳ ግን ቀንና መጠን አለው፤ ባለዕዳውም ቀኑ ሳይደርስ ሊያዘጋጀው ይገባል። ምጽዋት ነው ካልን፥ መንግሥት በመቅሠፍት ቀን እጁ ባዶ ቢሆን አዝኖ ማለፍ ይችላል። ዕዳ ነው ካልን ግን አስቀድሞ አለማዘጋጀቱ ራሱ በደል ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 13 ሹም ለሕዝቡ መልካም ለማድረግ የተሾመ የእግዚአብሔር አገልጋይ መሆኑን ካስተማረ በኋላ ግብር ስለ መክፈል መናገሩ በከንቱ አይደለም። ማርቲን ሉተርም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1529 ዓ. ም. በጻፈው በትልቁ ካቴኪዝም ስለ ዕለት እንጀራ ልመና ሲያስተምር፥ በመልካም ገዥ ጋሻ ላይ በአንበሳ ፈንታ ዳቦ ቢሣል፥ ወይም በገንዘቡ ላይ ቢቀረጽ የተገባ እንደ ሆነ ይናገራል። እኛ ሳንቲማችንን ስናገላብጥ የምናየው አንበሳውን ነው። በአንበሳው አናፍርም፤ ይሁን እንጂ ያን ሳንቲም ይዛ ወደ ሱቅ የምትሄደው መበለት የምትፈልገው ሌላውን ሥዕል ነው።

ሉተር ይህን የጻፈው መቅሠፍትን ሳያውቅ አይደለም። ከዚያ በፊት በ1527 ዓ. ም. በሚኖርበት በዊተንበርግ ከተማ ቸነፈር ገብቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ወደ የና ከተማ ተዛወረ፤ ሉተርም አብሮ እንዲሄድ መስፍኑ አዘዘው። እርሱ ግን ከባልንጀራው ከቡገንሐገን ጋር ሕመምተኞችን ሊያገለግል ቀረ፤ ቤቱም የበሽተኞች ማደሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት የብሬስላው ከተማ መጋቢ ዮሐንስ ሄስ፥ ክርስቲያን ከቸነፈር ሊሸሽ ይገባዋልን ብሎ የጠየቀውን በጽሑፍ መለሰለት። ብዙዎች ከዚያ ጽሑፍ የሚያስታውሱት መጋቢዎች መንጋቸውን ጥለው እንዳይሸሹ የተናገረውን ነው። እኛ ግን ሌላ ሁለት ነገር እናስታውሳለን። አንደኛው፥ ዳኞችና የከተማ ሹሞችም እንደ መጋቢዎች ሁሉ ቦታቸውን ትተው መሄድ እንደማይገባቸው ማስተማሩ ነው፤ ያለ አስተዳደር የቀረች ከተማ ከበሽታው ሌላ በረኀብና በሥርዓተ አልበኝነት ትጠፋለችና። ሁለተኛው፥ መልካም መንግሥት ባለበት አገር ሕመምተኞች የሚጠበቁበት ቤትና የሚያገለግሉአቸው ሰዎች አስቀድመው ቢዘጋጁ እንዴት መልካም እንደ ሆነ ካሳየ በኋላ፥ ይህ በሌለበት ስፍራ ግን እያንዳንዳችን ለጎረቤታችን ሆስፒታል እንድንሆንለት ማዘዙ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። የጎረቤት ፍቅር የሚሞላው ጎደሎውን ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ገልብጠን፥ ፍቅር ካለ የመንግሥት ጎተራ አያስፈልግም እንላለን፤ ወይም ጎተራው ካለ ፍቅር አያስፈልግም እንላለን።

(በዚያው ጽሑፍ ሉተር መድኃኒትን ንቆ፥ ቤቱን ሳያጥን፥ ከበሽታውም ሳይጠነቀቅ የሚዘልለውን ሰው እግዚአብሔርን እንደሚፈታተን ይቈጥረዋል። በ2012 ዓ. ም. አፍን መሸፈን የእምነት ጉድለት ነው ሲሉ ለነበሩ ወንድሞቻችን ይህን ብናነብላቸው ኖሮ ሳይጠቅም አይቀርም ነበር።)

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። መንግሥታችን መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ. ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ አላዘዘም። የተሰጠውም ምክንያት ቤት የሌለውና የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ የሚፈልግ ሕዝብ ብዙ መሆኑ ነበረ። ይህ የቅንነት ቃል ነው፤ እናከብረዋለን። በሕንድ አገር መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ. ም. ከምሽቱ በ2 ሰዓት የተነገረ ትእዛዝ ከአራት ሰዓት በኋላ በዚያው ሌሊት አገሩን ሁሉ ሲዘጋ፥ በየከተማው የነበሩ የቀን ሠራተኞች ዕቃቸውን በራሳቸው፥ ልጆቻቸውን በጫንቃቸው ተሸክመው ወደ ትውልድ መንደራቸው መቶ መቶ ኪሎ ሜትር በእግር ሲጓዙ ዓለም አይቶአልና። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ዘንድ አለመታዘዙ ምሕረት ነበረ። ነገር ግን ያው የቅንነት ቃል ኑዛዜም ነው። ሕዝቡን ከበሽታ ለመከለል እወዳለሁ፥ የምመግበው ግን የለኝም ማለት ነውና። ጎተራ የሌለው መንግሥት ለድኻው የሚያቀርብለት ምርጫ ከረኀብና ከሕመም አንዱን ነው።

መንግሥት በዚያ ወራት ምንም አላደረገም ብንል ሐሰት እንናገራለን። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ፤ ከ2007 ዓ. ም. በፊት የነበረ የግብር ዕዳ ተማረ፤ ሥራቸው ቆሞ ሳለ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶችም የአራት ወር የደመወዝ ግብር ተተወላቸው። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚዎች ነበሩ። ሆኖም ገንዘቡ የተጓዘው አስቀድሞ በተጠረገ መንገድ መሆኑን እናስተውል። ወደ ባንክ የሚወስድ መንገድ ነበረ፤ ወደ ግብር ከፋይ የሚወስድ መንገድ ነበረ። የደመወዝ ግብር ከፍላ ለማታውቅ ልብስ አጣቢ ግብር ቢማርላት ምን ትጠቀማለች?

ዐዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ደግሞ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፥ ባለቤትም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምርበት ከለከለ። ይህን በደስታ ተቀብለነዋል። በዚያ ወራት ማንም ሳያስገድዳቸው የወሩን ኪራይ የተዉ ባለቤቶችም ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይክፈላቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንናገር ልናልፍ አንችልም። በከተሞቻችን ቤት አከራይ ሁሉ ባለጠጋ አይደለም። ከግቢዋ አንዲቱን ክፍል አከራይታ በዚያች ኪራይ የምትኖር መበለት አለች። ሕጉ ተከራዩን አታስወጪ ሲላት በእርስዋ ኪስ ቸርነት አደረገ። በሰው ኪስ ቸር መሆን ደግሞ ለሕግ አውጪ ቀላል ነው። የወል ጎተራ አስቀድሞ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ሸክሙ ከአንዲት ድኻ ትከሻ ወደ ሌላይቱ ድኻ ትከሻ ባልተላለፈ ነበር።

ጎተራው የሚሞላው መቼ ነው? «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 41 ዮሴፍ ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ እንዲከማች የመከረው በጥጋቡ ሰባት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ግብፃዊ፥ እኽል በሞላበት ዓመት ይህ ሁሉ መሰብሰብ ለምንድር ነው ብሎ ማጕረምረሙ አይቀርም። የመዘጋጀት ችግር ይህ ነው፤ ዋጋው ዛሬ ይከፈላል፥ ጥቅሙም መቼ እንደሚታይ አይታወቅም፤ ያዘጋጀው ሹም ደግሞ እስከዚያ ከሹመቱ ይወርድ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ ለአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ሊተው አይገባም።

የወንጌል አባቶች ይህን ተረድተው ነበር። በጀርመን አገር በላይስኒግ ከተማ በ1523 ዓ. ም. የወል ሣጥን የሚባል ሥርዓት ተጻፈ፤ ሉተርም መቅድም ጻፈለት። ከሣጥኑ ገንዘብ መጋቢውና መምህሩ ደመወዝ ይቀበሉ፥ ድኾችና አረጋውያን ይረዱ ነበር፤ በርካሽ ጊዜም እኽልና አተር ተገዝቶ ለችግር ቀን እንዲከማች ታዘዘ። የሚያስተዳድሩት ዐሥር ሰዎች ነበሩ፤ ከመኳንንት ሁለት፥ ከከተማው ምክር ቤት ሁለት፥ ከከተማው ሕዝብ ሦስት፥ ከገበሬዎች ሦስት። ሣጥኑ አራት ቍልፍ ነበረው፤ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን መክፈቻ ስለሚይዝ ማንም ብቻውን ሊከፍተው አይችልም ነበር። ገበሬው መክፈቻ ያዥ መሆኑ ያስደንቀናል። ነገሩ ሁሉ እንደ ተጻፈ ተፈጸመ ብለን ግን አናታልልም፤ የከተማው ምክር ቤት የቤተ ክርስቲያኑን ሀብት ለሣጥኑ አላስረክብም ብሎ ሉተርን እጅግ አሳዝኖታል። ሥርዓት መጻፍና ሣጥን መሙላት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሮአል። እኽሉ በጎተራ ሞልቶ ሳለ ድኻው ሊራብ እንደሚችል አይተናል። ከላይ ባነሣናት በሕንድ መንግሥት እጅግ ብዙ እኽል ነበረው፤ ከትእዛዙ በኋላ በሁለተኛው ቀንም ለ800 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየወሩ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ኪሎ በነጻ እንዲሰጥ ታወጀ። ነገር ግን እኽል የሚቀበሉበት ካርድ የተመዘገበው በትውልድ መንደራቸው ስለ ነበረ፥ በከተማ ሥራ የነበሩት ብዙዎች ሊቀበሉ አልቻሉም። ስማቸው በአንድ ስፍራ፥ ሆዳቸው በሌላ ስፍራ ነበረ። ከዚህ የተለየው የቶጎ ነገር ነው። ይህች ትንሽ የምዕራብ አፍሪካ አገር፥ በእኛ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ በታወጀበት በዚያው ቀን፥ ኖቪሲ የተባለ ሥርዓት ጀመረች፤ ትርጕሙም መተባበር ማለት ነው። የመራጮችን መዝገብ መሠረት አድርጋ፥ ሥራቸው ለቆመባቸው የዕለት ሠራተኞች በስልካቸው ገንዘብ ላከች፤ በወር ለሴት 12,250፥ ለወንድ 10,500 የአገሩ ፍራንክ ይደርስ ነበር። ቶጎ ባለጠጋ አገር አይደለችም። ለምርጫ የተጻፈ ስም ለእንጀራ መዋሉን ስናይ ግን ጎተራ ማለት እኽል ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን፤ መዝገብም ጎተራ ነው።

በአገራችንም ምስክር አለን። በገጠር በ1997 ዓ. ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ወደ ከተማ ገብቶ ከ2009 ዓ. ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ይሠራ ነበር። መንገድ በመጥረግና በመሰለው ሥራ የሚረዱት ድኾች ስማቸው አስቀድሞ ስለ ተጻፈ፥ ወረርሽኙ ሲመጣ ከሥራው ተፈትተው የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲቀበሉ ለማድረግ ተቻለ። ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጸሓፊ በየሰፈሩ ዞሮ ስም ስለ ጻፈ ነው። ስማቸው ያልተጻፈውስ? ከገጠር ትናንት የገባው፥ መታወቂያ የሌለው፥ በሰው ቤት አገልጋይ የነበረችውና በበሽታው ፍርሀት የተሰናበተችው እኅታችን? ለእነዚህ ማዕድ ማጋራት የተባለው ዘመቻ ደረሰላቸው፤ ብዙ ሰው ከጓዳው ዱቄትና ዘይት አወጣ፤ መልካም ሥራ ነው። ቢሆንም እነርሱ የኖሩት በምጽዋት ነው፤ የተጻፉት ግን በመብታቸው ኖሩ።

እዚህ ላይ ስለ ዮሴፍ የማይሰበከውን ክፍል ማንሣት ይገባናል። በምዕራፍ 47 እንደምናነበው፥ ያው ዮሴፍ ከሕዝቡ የሰበሰበውን እኽል መልሶ ለሕዝቡ ሸጠ፤ በመጀመሪያ ብራቸውን፥ ቀጥሎ ከብታቸውን፥ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ገዛ። ሕዝቡ አመስግኖታል፤ ተርፎአልና። እኛ ግን ይህን ስናነብ ልባችን ይከብዳል። ከሞት ያዳነው እጅ ቀንበር ከጫነ፥ ጎተራው ለምን ተሠራ? ዛሬም ፈርዖን አልጠፋም። እርዳታ የተቀበለ ሰው ድምፁን ሊሸጥበት አይገባም፤ መዝገብም ጸጥ ለማሰኛ ሊውል አይገባም። አገርም እንደ ሰው በረኀብ ቀን ትበደራለች። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በሚያዝያ 2012 ዓ. ም. ለአገራችን 411 ሚሊዮን ዶላር ለአስቸኳይ ጊዜው አበድሮአል። ብድሩ በዚያ ቀን ያስፈልግ ነበር፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን በጥጋብ ዓመት ያልተከማቸው አምስተኛ እጅ፥ በዚያን ጊዜ ገና ባልተወለዱ ልጆች ላይ እንደ ተጻፈ እናስብ።

ሌላውን ከወቀስን በኋላ የራሳችንን ቤት ሳናይ ብናልፍ ግብዞች እንሆናለን። በዚያ ወራት የአጥቢያ ጉባኤዎቻችን ሲበተኑ መባውም ተቋረጠ። መባ የምንሰበስበው ስንሰበሰብ ብቻ ነበርና፥ ድኾች እጅግ በሚሹን ሰዓት ሣጥናችን ባዶ ሆነ። ይህ ከቤተ መንግሥት የመጣ ጥፋት አይደለም፤ የእኛው ነው። መዘጋጀት ለሕዝባችን እንግዳ ነገር ነው የሚለውንም አንቀበልም። እድር ያለው ሕዝብ ነን። ድንኳኑ፥ ወንበሩ፥ ድስቱ ሳይቀር በመጋዘን ተቀምጦአል፤ እያንዳንዱ አባል ገና ስላልመጣው ቀብር በየወሩ ያዋጣል፤ ስሙም በመዝገብ አለ፤ ያልከፈለ ይቀጣል። ማንም ይህን ምጽዋት አይለውም። ሰው ሲሞት እንዲህ የተዘጋጀን ሕዝብ፥ ሳይሞት የሚበላውን ለማዘጋጀት ምን ይከለክለናል?

በ1911 ዓ. ም. በኅዳር ወር አባቶቻችንን ያገኛቸው መቅሠፍት በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚሆን ሰው እንደ ገደለ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተረፉ። እስከ ዛሬ በኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ጢሱን ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቀነዋል። ለየአጥቢያው ሽማግሌዎች አንድ አሳብ እናቀርባለን። በዚያ ቀን ጢሱ ሲወጣ መዝገብ ይውጣ። በሰፈሩ ያለው የዕለት ሠራተኛ፥ ክርስቲያን ቢሆን ባይሆን፥ ስሙ፥ የሚያድርበት ቤት፥ የልጆቹ ቍጥር፥ ስልክ ቢኖረው ስልኩ ይጻፍ። ከዓመቱ መባ ከፍ ያለ እጅ ለዚሁ ሣጥን ይለይ፤ የሣጥኑም መክፈቻ በአንድ ሰው ኪስ አይደር፤ ከመክፈቻ ያዦቹም አንዱ ስሙ በመዝገቡ የተጻፈ የቀን ሠራተኛ ይሁን። መዝገቡ ሲዘጋጅ ግልባጩን ለቀበሌው መስጠት ይቻላል፤ የሚጻፉት ሰዎች ግን አስቀድመው ፈቃዳቸውን ይጠየቁ። ይህን ለመፈጸም አንድ አጥቢያ ከሁለት ቅዳሜ የሚበልጥ ጊዜ አያስፈልገውም፤ በየዓመቱም በዚያው ቀን ከሰፈሩ የወጣው ይሠረዛል፥ አዲስ የገባውም ይጻፋል።